የፒያሳ ጣሪያና የፀሐይ ሂሳብ፤ ትርፉ ከቆጣሪው ነው ከጄኔሬተሩ?

አራዳ ውስጥ ሶላር ለማስገባት ያሰበ ባለሱቅም ሆነ ባለቤት መጀመሪያ የሚጠይቀው «ወጪውን በስንት ዓመት ይመልሳል?» ብሎ ነው። መልሱ የሚወሰነው ሶላሩ በሚተካው ነገር ነው።

የሚተካው የቆጣሪውን መብራት ከሆነ ትርፉ ቀጭን ነው። ባለ 400 ዋት ፓኔል በአዲስ አበባ ፀሐይ በአማካይ በቀን 1.5፣ በዓመት 550 ያህል ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል። ኪሎዋት ሰዓቱ ለምሳሌ 3 ብር ቢታሰብ የዓመቱ ቁጠባ 1,650 ብር ነው። ታሪፉ ከ1998 እስከ 2011 ዓ.ም. ሳይነካ ቆይቶ፣ ለመኖሪያ ቤት የመጀመሪያው 50 ኪሎዋት ሰዓት በ27 ሳንቲም ገደማ ይሸጥ ነበር። ከታኅሣሥ 2011 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ጨምሯል፤ በመስከረም 2017 ደግሞ በየሩብ ዓመቱ ከፍ የሚል የአራት ዓመት ታሪፍ ወጥቷል። በአንጻሩ ዕቃው የሚገዛው በዶላር ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ዓመቱ ሳያልቅ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል።

የሚተካው ጄኔሬተር ሲሆን ግን ሂሳቡ ይገለበጣል። ትንሽ የቤንዚን ጄኔሬተር ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ግማሽ ሊትር ያህል ይጠጣል። ቤንዚን በ2017 ዓ.ም. ሊትሩ ከ100 ብር ስላለፈ፣ ዘይትና ጥገና ሳይታሰብ የነዳጁ ወጪ ብቻ ከ50 ብር በላይ ይሆናል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር አለ። መብራቱ ጠፍቶ በጥቂት ሰዓት ውስጥ የሚመለስ ከሆነ ፓኔል የግድ አይደለም፤ ከቆጣሪው በርካሽ የሚሞላ ባትሪና ኢንቨርተር ይበቃል። ፓኔል ዋጋውን የሚያወጣው መብራት ቀኑን ሙሉ፣ አልፎም ለቀናት በሚጠፋበት ቤት ነው። እዚያም ቢሆን በክረምት ደመና ምርቱ ይቀንሳል።

ፓኔሉ 25 ዓመት ያህል ያገለግላል። ኪስ የሚጎዳው ባትሪው ነው፤ የእርሳስ አሲዱ ከ3 እስከ 5 ዓመት፣ ሊቲየሙ 10 ዓመት አካባቢ ይቆያል። ስለዚህ በፓኔሉ ዕድሜ የእርሳሱ ባትሪ አምስት ጊዜና ከዚያ በላይ ይገዛል። ኢንቨርተሩም ቢያንስ አንድ ጊዜ መለወጡ አይቀርም።

ተከራይ 25 ዓመት ብሎ ባያሰላ ይሻላል። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ የፒያሳ ብዙ ቤቶች ፈርሰዋል። ተፈትቶ የሚሄድ ዕቃ የተሻለ ዋስትና ነው።

ከመግዛት በፊት መብራት የጠፋባቸውን ሰዓቶች ለሦስት ወር በደብተር መያዝ ወጪ የለውም፤ ከሻጩ ምክርም ይበልጣል።