የባትሪ ኢምፓክት መፍቻ፦ ተረትና እውነታ

ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ ሲወርዱ መንገዱ የከባድ መኪና ነው። ወደ ሞጆ፣ ወደ አዋሽና ወደ ጅቡቲ የሚወጡት ሲኖትራኮችና አይሱዙዎች የሚያልፉት በዚሁ ነው። ጎሚስታ በየዳሩ አለ። ከዋናው መንገድ ገባ ሲሉ ደግሞ፣ በቱሉ ዲምቱና በገላን ኮንዶሚኒየሞች፣ ቪትዟን ወይም ኮሮላዋን ግቢ ውስጥ አቁሞ ጎማዋንና የፍሬን ሸራዋን ራሱ የሚቀይር ባለመኪና ይገኛል። ይህ ሰው ከአራተኛ ፎቅ ገመድ ዘርግቶ ኮምፕሬሰር ማስነሳት አይችልም። በባትሪ የሚሠራ ኢምፓክት መፍቻ በእርግጥ ይጠቅመዋል። ይሁን እንጂ ስለዚህ ማሽን በየሱቁና በየጋራዡ የሚወራው ሁሉ እውነት አይደለም። አንዳንዱ ወሬ ገንዘብ ያስወጣል፤ አንዳንዱ ግን ሕይወት ያሳጣል። ስለዚህ አንድ በአንድ እንየው።

ተረት 1፦ «ሳጥኑ ላይ ያለው ቁጥር በበለጠ ቁጥር ማሽኑ የተሻለ ነው።»

እውነታው፦ መነሳት ያለብዎት ከመኪናዎ ነው። የቪትዝና የኮሮላ የጎማ ዳዶ እንዲጠብቅ የታዘዘው በ103 ኒውተን ሜትር ቶርክ (የመጠምዘዣ ጉልበት) ነው። ለመፍታት የሚያስፈልገው ጉልበት ከዚህ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ዳዶው ይዝጋል፣ አቧራና ጭቃ ይይዘዋል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከልክ በላይ ተጠብቆ ይገኛል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 50 ሳንቲ ሜትር በሚረዝም መፍቻ ጫፍ ላይ ቢቆም ዳዶው ላይ ከ340 ኒውተን ሜትር በላይ ያርፋል። ይህ ከታዘዘው ሦስት እጥፍ ነው፤ እንዲህ የሚያጠብቅ ሰው ደግሞ በየመንገዱ አለ።

እንግዲህ ለቤት መኪና ግማሽ ኢንች ራስ ያለው፣ ከ300 እስከ 600 ኒውተን ሜትር የመፍታት ጉልበት ያለው መካከለኛ ማሽን ይበቃል። ለምሳሌ የማኪታ ዲቲደብሊው 300 የማጥበቅ አቅሙ 330፣ የመፍታት አቅሙ 580 ኒውተን ሜትር ነው። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች የተለያዩ መሆናቸውን ልብ ይበሉ፤ ሻጭ የሚጠራልዎ ብዙ ጊዜ ትልቁን ነው። በዚያ ላይ ቁጥሩ የተለካው በሞላ ባትሪና ያለ ማራዘሚያ ነው። በማሽኑና በቡሶላው መካከል ረጅም ማራዘሚያ ሲገባ ምቱ ይደክማል።

1,500 እና ከዚያ በላይ የሚሉት ማሽኖች የተሠሩት ለከባድ ሥራ ነው። የሲኖትራክ የጎማ ዳዶ ከ500 ኒውተን ሜትር በላይ ይጠብቃል፤ ለእርሱ ይገባሉ። በቪትዝ ቀጭን ብሎን ላይ ግን ትርፋቸው ክብደትና አደጋ ነው።

ተረት 2፦ «88 ቮልት ከ18 ቮልት አራት እጥፍ ይበልጣል።»

እውነታው፦ በገበያው ውስጥ 48፣ 88፣ 98 ከዚያም በላይ ተጽፎባቸው አጠገቡ «ቪኤፍ» የሚል ፊደል የተለጠፈባቸው ርካሽ ማሽኖች አሉ። ይህ ቁጥር የቮልት ልኬት አይደለም። አብዛኞቹ ውስጣቸው ሲከፈት የሚገኘው በተርታ የተያያዙ አምስት የሊቲየም ሴሎች ነው። አንድ ሴል በአማካይ 3.6፣ ሙሉ ሲሆን 4.2 ቮልት ስላለው አምስቱ በአማካይ 18፣ ሲሞሉ 21 ቮልት ይሰጣሉ። በ18፣ በ20 እና በ21 ቮልት ስም የሚሸጡት ማሽኖችም በአብዛኛው ያው አምስት ሴል ናቸው፤ ልዩነቱ ሻጩ የትኛውን ቁጥር መረጠ የሚለው ነው።

ሱቅ ውስጥ ቆመው የሚያደርጉት ሁለት ፈተና አለ። አንደኛው፣ ቻርጀሩን ገልብጠው የሚያወጣውን ቮልት ያንብቡ። 21 ከሆነ ባትሪው በተርታ አምስት ሴል ነው፤ ማሽኑ ጎን ላይ ምንም ይጻፍ ምን። ሁለተኛው ሚዛን ነው። በብዙ ባትሪዎች ውስጥ ያለው የተለመደው ክብ ሴል እያንዳንዱ ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል፤ ብዙ ሲይዝ 3.5 አምፒር ሰዓት ነው። ስለዚህ 6 አምፒር ሰዓት ለመስጠት የአምስት ሴል ሁለት ተርታ፣ በድምሩ አሥር ሴል ያስፈልጋል። ሴሎቹ ብቻ ግማሽ ኪሎ ገደማ ይሆናሉ። «6 አምፒር» ተጽፎበት እጅ ላይ ቅልል ብሎ የሚገኝ ባትሪ የተጻፈበትን አይሰጥም።

«ሞተሩ ካርቦን የለውም (ብራሽለስ ነው)» የሚባለውንም ማጣራት ይቻላል። ማሽኑን ጥላ ውስጥ አስነስተው በኋላው የአየር ቀዳዳ ወደ ውስጥ ይመልከቱ። ሰማያዊ ብልጭታ ከታየ ሞተሩ ካርቦን አለው። ካርቦን ያለው ማሽን አይሠራም ማለት አይደለም፤ ግን ካርቦኑ እያለቀ ይቀየራል፣ ባትሪም ቶሎ ይጨርሳል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ መቀነስ አለበት።

ተረት 3፦ «ድሪል ካለኝ ይበቃኛል።»

እውነታው፦ ተራ የባትሪ ድሪል ጉልበቱ ከ50 እና 60 ኒውተን ሜትር ብዙም አይዘልም፤ ያንኑም የሚሰጠው በእጅዎ ተቃውሞ ነው። ዳዶው እምቢ ካለ የሚጠመዘዘው የእጅ አንጓ ነው። ኢምፓክት አሠራሩ ሌላ ነው። ውስጡ በስፕሪንግ የተደገፈ መዶሻ አለ። ዳዶው ሲከብደው መዶሻው ወደ ኋላ ይሸሽና ተስፈንጥሮ ይመታል፤ ይህም በደቂቃ ከሺህ ጊዜ በላይ ይደጋገማል። ሚስማር በመዶሻ ሲመታ እንደሚገባ፣ በጣት ቢገፉት ግን እንደማይነቃነቅ ሁሉ፣ ዝገቱን የሚሰብረው ግፊቱ ሳይሆን ምቱ ነው። ለዚህም ነው ማሽኑ ያን ያህል ጉልበት ዳዶው ላይ እያሳረፈ እጅን የማይጠመዝዘው።

ተረት 4፦ «ከኮምፕሬሰር ጋር አይወዳደርም።»

እውነታው፦ ቀኑን ሙሉ ከባድ ጎማ ለሚፈታ ጎሚስታ ትልቅ ኮምፕሬሰር አሁንም ዋናው መሣሪያ ነው። ለቤት ግን ንጽጽሩ ከትንሽ ኮምፕሬሰር ጋር ነው፤ ትንሹ ደግሞ ጋኑ ቶሎ ባዶ እየሆነ ያስጠብቃል። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው ከአንድ አምስተኛ በላይ ስለሚያንስ ኮምፕሬሰሩ በእያንዳንዱ ዙር የሚስበው አየር ያንሳል፤ ለመሙላትም ይዘገያል። የባትሪ መፍቻን ጉልበት ከፍታ አይቀንሰውም፤ መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቆምም።

ተረት 5፦ «የፈታው ማሽን ራሱ ያጥብቀው።»

እውነታው፦ ከሁሉም አደገኛው ይህ ነው። 300 ኒውተን ሜትር የሚመታ ማሽን 103 በሚያስፈልገው ዳዶ ላይ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ቢቆይ ከልክ ያልፋል። ያኔ ብሎኑ ይሳባል፤ የተሳበ ብሎን ደግሞ ለዓይን ደህና ይመስላል፣ ውስጡ ግን ደክሟል፤ አንድ ቀን መንገድ ላይ ይበጠሳል። አንዱ ዳዶ በጣም ጠብቆ ሌላው ላላ ሲል የፍሬን ዲስኩ እኩል አይቀመጥም፤ ፍሬን ሲይዙ ፔዳሉ ይንቀጠቀጣል። ደግሞም በአዳማ ፈጣን መንገድ ዳር ጎማ የፈነዳበት ሰው፣ መኪናው ውስጥ ባለው አጭር መፍቻ ያንን ዳዶ ማላቀቅ ያቅተዋል።

መላላትም ያንኑ ያህል ያሰጋል። ማሽኑ «ጠራራራ» ስላለ ዳዶው ጠብቋል ማለት አይደለም፤ ጥርሱን ስቶ ገብቶ ይሆናል፣ ወይም ጎማው ሳይቀመጥ ጠብቆ ይሆናል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለው ብሂል እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል ይህ ነው። ዳዶዎቹን መጀመሪያ በእጅ ጣት ያስገቡ፤ ጥርሱ በትክክል መግባቱን የሚያውቀው ጣት ነው። ከዚያ በትይዩ፣ በኮከብ ቅርጽ፣ በእጅ መፍቻ ቀስ አድርገው ያስይዙ። ክሪኩን ያውርዱና ጎማው መሬት ሲነካ በቶርክ መፍቻ፣ የመኪናው መመሪያ ባዘዘው ልክ ያጥብቁ። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ፣ ለምሳሌ አዳማ ሲደርሱ፣ ጎማው ሲቀዘቅዝ ደግመው ይፈትሹ። የቶርክ መፍቻውን ዳዶ ለመፍታት አይጠቀሙበት፤ ሥራ ሲያበቃም ወደ ዝቅተኛው ቁጥር መልሰው ያስቀምጡት፤ ልኬቱ እንዳይዛባ።

ተረት 6፦ «ለሚቀጥለው እንዲቀል ብሎኑን ግራሶ መቀባት ነው።»

እውነታው፦ የታዘዘው ቶርክ የተሰላው ለደረቅና ንጹሕ ብሎን ነው። ግራሶ ወይም ዘይት ሲገባ ፍትጊያው ይቀንሳል፤ በዚያው 103 ኒውተን ሜትር ብሎኑ ከታሰበለት እጅግ በላይ ይሳባል። አምራቹ ካላዘዘ በቀር ጥርሱን በሽቦ ብሩሽ አጽድተው ደረቁን ይጠቀሙ።

ተረት 7፦ «ቡሶላ ያው ቡሶላ ነው።»

እውነታው፦ የሚያብረቀርቀው ተራ ቡሶላ የተሠራው ለእጅ ነው። ጠንካራ ቢሆንም ምት አይችልም፤ በኢምፓክት ሲመታ ይሰነጠቅና ስባሪው ዓይን ያጠፋል። ለኢምፓክት የተሠራው ጥቁር፣ ወፍራምና ምት የሚችል ነው። ባለ ስድስት ጠርዙን ይምረጡ፤ ባለ አሥራ ሁለቱ የዳዶውን ጥግ ክብ ያደርገዋል። ለቶዮታ 21፣ ለብዙ ሱዙኪ 19፣ ለቮልስዋገን 17 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሶስቱ ካሉዎ ሰፈሩን ሁሉ ያገለግላሉ። የዓይን መከላከያ መነጽር ሳያደርጉ ግን ማሽኑን አያስነሱ።

ተረት 8፦ «ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ዝም ብሎ መሰካት ነው።»

እውነታው፦ ዘመድ ከአሜሪካ የሚያመጣው መሣሪያ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ቻርጀሩ ግን ብዙ ጊዜ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ነው። የእኛ መስመር 220 ቮልት ስለሆነ እንደተሰካ ሊቃጠል ይችላል። የቻርጀሩን መግቢያ ቮልት ያንብቡ፤ 220 የማይቀበል ከሆነ በትራንስፎርመር ይጠቀሙ፣ ወይም የዚያኑ ብራንድ የ220 ቮልት ቻርጀር ይግዙ። ዘመድዎ ከመነሳቱ በፊትም ይህን ይንገሩት፦ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይገባም፣ በእጅ ሻንጣ ነው የሚያዘው። ባለ 18 ቮልት 5 አምፒር ሰዓት ባትሪ 90 ዋት ሰዓት ስለሆነ ከተፈቀደው 100 በታች ነው። ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል።

ተረት 9፦ «አዲስ ባትሪ ስምንት ሰዓት ይሞላ፤ ከዚያ በኋላ ጥርግ ሳይል አይሞላ።»

እውነታው፦ ይህ የድሮው የኒኬል ባትሪ ወግ ነው። የሊቲየም ባትሪ በማንኛውም ሰዓት ቢሞላ አይጎዳውም፤ እንዲያውም ባዶ ሆኖ መቀመጥ ይገድለዋል። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ከሆነ ግማሽ ያህል ሞልተው ቀዝቃዛ ቦታ ያኑሩት። ወደ አፋር የሚወርድ ሰው ማሽኑን በፀሐይ በጋለ መኪና ውስጥ ትቶ አይዋል፤ ሙቀት የባትሪ ዋና ጠላት ነው።

እንግዲህ ገንዘቡ ውስን ከሆነ የግዢው ቅደም ተከተል ከተለመደው ይገለበጥ። መጀመሪያ መኪናው ከክሪክ ላይ ቢንሸራተት የሚሸከመው የብረት ድጋፍ፤ ቀጥሎ የቶርክ መፍቻ፤ ከዚያ ትክክለኛው ጥቁር ቡሶላ፤ በመጨረሻ መካከለኛ ጉልበት ያለው፣ ባትሪው እውነተኛ የሆነ ኢምፓክት። ማሽኑ ወገብን ያሳርፋል፤ ጎማውን በቦታው የሚያቆየው ግን ትክክለኛ ልኬት ነው። ቤተሰብ የሚጫንበትን መኪና ጎማ ራሱ የሚፈታ ሁሉ ለመፍታት በማሽን፣ ለማጥበቅ በልኬት ይሥራ።