«አፍሪካዊ» የሚለው ስያሜና የፕሮስቴት ካንሰር ዘረመል፦ ከባቲ አንጻር ሲታይ

መግቢያ

ፕሮስቴት ከወንዶች የሽንት ፊኛ በታች የሚገኝና የዘር ፈሳሽን በከፊል የሚያመነጭ ትንሽ ዕጢ ነው። የዕጢው ሴሎች የሚያድጉትና የሚባዙት አንድሮጅን በተባሉ የወንድ ሆርሞኖች አማካይነት በመሆኑ፣ ካንሰሩም በአብዛኛው በእነዚሁ ሆርሞኖች ይመራል። በአሜሪካ ጥቁር ወንዶች ከነጮች ይልቅ በ70 በመቶ ገደማ በሚበልጥ መጠን በበሽታው ይያዛሉ፤ የሚሞቱበት መጠንም ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል። ከዚህም በመነሣት የአሜሪካ የካንሰር ማኅበር ስለ ፒኤስኤ የደም ምርመራ ከሐኪም ጋር የሚደረገው ውይይት ለአብዛኛው ወንድ በ50 ዓመቱ፣ ለጥቁር አሜሪካውያን ግን በ45 ዓመታቸው እንዲጀመር ይመክራል። «ጥቁር» ወይም «አፍሪካዊ» በሚል ስያሜ ሥር የተሰበሰበው የሞለኪውል ማስረጃ ባቲ ለሚኖር ጎልማሳ ምን ያህል ያገለግላል የሚለው ግን ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው።

የሞለኪውል ማስረጃው

ከሁሉ የላቀ ትኩረት ያገኘው በስምንተኛው ክሮሞዞም ረጅም ክንድ ላይ የሚገኘው 24ኛው ቀጠና ነው። የጥቁር አሜሪካውያን ጂኖም በአብዛኛው ከምዕራብ አፍሪካ፣ በከፊል ደግሞ ከአውሮፓ የተወረሱ ቁራጮች ቅልቅል ነው። በታማሚዎች ዘንድ በአንድ ቦታ ላይ ከአፍሪካ የተወረሰው ቁራጭ ከሌላው የጂኖም ክፍል በተለየ ሁኔታ በዝቶ ከተገኘ፣ ተጋላጭነትን የሚጨምር ልዩነት በዚያ እንዳለ ይጠቁማል። ይህ ቀጠና እ.ኤ.አ. በ2006 በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ የተለየው በዚሁ ዘዴ ነበር። ቀጠናው ራሱ ፕሮቲን የሚሠሩ ዘረመሎች የሚበዙበት አይደለም፤ የሴልን መባዛት የሚያፋጥነውን ሚክ የተባለ ጎረቤት ዘረመል ከሩቅ የሚያነቃቁ የዲኤንኤ ክፍሎችን ግን ይዟል። ከአፍሪካ የዘር ግንድ ውጭ ከቶ የማይገኝ ለማለት የሚያስደፍር አንድ የፊደል ልዩነት በዚሁ ቀጠና ተገኝቷል፤ ተጋላጭነትንም ወደ እጥፍ ያሳድጋል።

ሁለተኛው ማስረጃ በዕጢው ውስጥ ከሚፈጠር ለውጥ የተገኘ ነው። በአንድሮጅን የሚታዘዝ አንድ ዘረመል ኢአርጂ ከተባለው ዘረመል ጋር ሲጣበቅ፣ ሆርሞኑ ሳይታሰብ ካንሰርን የሚያፋፋ ፕሮቲን ያስመርታል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታወቀው ይህ ውህደት ከአውሮፓውያን ዕጢዎች በግማሽ ያህሉ ሲገኝ፣ በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ ግን በጉልህ ያንሳል። ስለዚህ በስም አንድ የሆነው በሽታ በሞለኪውል ደረጃ የተለያዩ መንገዶችን ሊከተል ይችላል።

ባቲና የስያሜው ወሰን

ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ባቲ፣ በሰኞ ገበያዋ ኦሮሞን፣ አፋርንና አማራን ስታገናኝ የኖረች ከተማ ናት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው እንዳሻው በቀለ የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው የሉካ ፓጋኒና የባልደረቦቻቸው ጥናት እነዚህን ሦስት ሕዝቦች ያካተተ ነበር። ጥናቱ እንዳመለከተው፣ በሴማዊና በኩሻዊ ቋንቋ ተናጋሪ ኢትዮጵያውያን ጂኖም ውስጥ ከ40 እስከ 50 በመቶ የሚደርሰው ክፍል ከአፍሪካ ውጭ ካሉ ሕዝቦች ጋር ይዛመዳል፤ ቅልቅሉም የተፈጸመው ከ3,000 ዓመታት ገደማ በፊት ነው። አማራና ኦሮሞ በቋንቋ ቅርንጫፍ ቢለያዩም በዘረመል እጅግ ይቀራረባሉ።

ይህ ለምን ያስፈልጋል? የተጋላጭነት ጥናቶች የሚመዘግቡት አብዛኛው የፊደል ልዩነት ራሱ በሽታ አምጪ ሳይሆን፣ ከበሽታ አምጪው ጋር አብሮ የሚወረስ ምልክት ነው። የምልክቱና የአምጪው ቁርኝት ደግሞ እንደየሕዝቡ ታሪክ ይለያያል። በአውሮፓውያን ላይ የተሠራ የተጋላጭነት መለኪያ በአፍሪካውያን ላይ የሚደክመው በዚህ ምክንያት ነው፤ በምዕራብ አፍሪካ ዝርያዎች ላይ የተሠራውም በወሎ በትክክል ይለካል ብሎ ማመን አይቻልም።

የዳፊ ተቀባይ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በምዕራብ አፍሪካ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሰው ይህ ተቀባይ በቀይ የደም ሴሎቹ ላይ የለውም፤ በኢትዮጵያ ግን ያላቸውም የሌላቸውም ጎን ለጎን ይኖራሉ። የቫይቫክስ ወባ በአገራችን የተስፋፋበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ተቀባዩ የሌላቸው ሰዎች ጤነኞች ሆነው ሳለ ኒውትሮፊል የተባሉት ነጭ የደም ሴሎቻቸው ቁጥር ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ለፕሮስቴት ካንሰር ኬሞቴራፒ በሚሰጥበት ጊዜ የመድኃኒቱ መጠን ያለ በቂ ምክንያት ሊቀነስባቸው ይችላል። ሕመም ማስታገሻም ከዚህ አይርቅም። እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ የሚሆኑት ኮዴይንን ወደ ሞርፊን የሚለውጠው ኢንዛይም ዘረመል ተጨማሪ ቅጅ ነበራቸው። ካንሰሩ ወደ አጥንት ለተሠራጨበት ሕመምተኛ ይህ የመድኃኒት ምርጫን የሚነካ ጉዳይ ነው።

ከዘረመል ውጭ ያለው ድርሻ

የሞት ልዩነቱ ሁሉ በዘረመል አይብራራም። በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች የጤና ሥርዓት ውስጥ፣ ጥቁርና ነጭ ታማሚዎች ተቀራራቢ ሕክምና ሲያገኙ በካንሰሩ የመሞት ልዩነታቸው ከሞላ ጎደል እንደሚጠፋ ጥናቶች አሳይተዋል። ዘረመል በይበልጥ የሚያስረዳው ማን እንደሚታመም ሲሆን፣ ማን እንደሚሞት የሚወሰነው በአብዛኛው በሽታው በታወቀበት ጊዜና በተገኘው ሕክምና ነው። በባቲም ሽንት አልወጣ ሲል «የዕድሜ ነገር ነው» ብሎ የሚዘገይ፣ ወገቡን ሲያመው በሥራ ብዛት የሚያሳብብ ሰው፣ ከየትኛውም የፊደል ልዩነት ይልቅ በመዘግየቱ ሊጎዳ ይችላል።

ማጠቃለያ

እ.ኤ.አ. በ2011 የተጀመረው የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ የሚሸፍነው የከተማዋን ነዋሪዎች ነው፤ የከሚሴና የባቲ ታማሚ በዚያ መዝገብ የሚገኘው ነዋሪነቱ አዲስ አበባ ከሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ ሦስት ተግባራት ቅድሚያ ይሻሉ። አንደኛ፣ ጥናቶች «አፍሪካዊ» በሚል ጥቅል ስያሜ ፋንታ የተለካ የዘር ግንድን ይጠቀሙ። ሁለተኛ፣ በክልል ሆስፒታሎች ለምርመራ የተወሰዱ የዕጢ ናሙናዎች ከታማሚው ፈቃድ ጋር በአግባቡ ይቀመጡ፤ የኢአርጂ ውህደትን መጠን ለማወቅ ቀላሉ መነሻ እነዚህ ናሙናዎች ናቸውና። ሦስተኛ፣ የዘረመሉ ጥናት እስኪሟላ ድረስ ቀድሞ የመመርመሩ ሥራ አይጠብቅ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ዓመታትን ይጠይቃሉ፤ ሦስተኛው ግን በጤና ጣቢያ የሚሠራ ባለሙያ ዕድሜው የገፋ ወንድ ስለ ሽንቱ ሁኔታ ሳይሸማቀቅ እንዲናገር ከመጠየቅ ይጀምራል።