በርገር ስንገዛ ለስላሳው ለምን ይከተላል?

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በሪያድ ሰፈር፣ በመሽተል መንገድ የሚያልፍ ሰው የደንብ ልብስ የለበሱ ተማሪዎች በርገርና ሻዋርማ ቤት ደጃፍ ቆመው ማየቱ አይቀርም። ብዙዎቹ ያሰቡት አንድ ሳንድዊች ለመብላት ነው። ሲወጡ ግን በአንድ እጃቸው ቺፕስ፣ በሌላው ትልቅ ኩባያ ለስላሳ ይዘዋል። በመካከል የሆነው ነገር ቢኖር ሻጩ «ከነመጠጡ ይሁን?» ብሎ መጠየቁ ብቻ ነው።

ይህች ጥያቄ እንዲያው የመጣች አይደለችም። ትልልቆቹ የፈጣን ምግብ ድርጅቶች ለብዙ ዓመታት ያዳበሩት የንግድ ብልሃት ናት። ተማሪዎች ሒሳቡን፣ ወላጆችም ምክንያቱን ቢያውቁት ይጠቅማል።

ትርፉ ያለው ኩባያው ውስጥ ነው

በርገር ለመሥራት ሥጋ፣ ዳቦ፣ አትክልት፣ ዘይትና የሠራተኛ ጉልበት ያስፈልጋል። ሥጋ ውድ ነው፤ ካልተሸጠም ይበላሻል። ከመቅጃ ማሽን የሚወጣው ለስላሳ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ እጅ ሽሮፕ ከአምስት እጅ ጋዝ ካለበት ውኃ ጋር ተቀላቅሎ የሚሠራ ነው። ከዚያ በላይ በረዶ ይጨመርበታል። ስለዚህ የምንከፍለው በአብዛኛው ለውኃ ነው።

በምሳሌ እንየው፤ ቁጥሮቹ ለስሌት ብቻ የተወሰዱ ናቸው። ሳንድዊች በ100 ፓውንድ ይሸጣል እንበል፤ ወጪው 70 ነው። ለስላሳው በ40 ይሸጣል፤ ወጪው 8 ነው። ሁለቱን ለየብቻ ብንገዛ 140 እንከፍላለን። ሻጩ ግን «ሁለቱን በአንድ ላይ በ125» ይለናል። 15 ፓውንድ የቀነሰልን ይመስለናል። ሳንድዊቹን ብቻ ለመግዛት ለመጣ ተማሪ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ተማሪው ካሰበው በላይ 25 ፓውንድ ከፈለ። የሻጩም ትርፍ ከ30 ወደ 47 አደገ። «ቅናሹ» የጠቀመው ማንን እንደሆነ ከዚህ ይታያል።

ምግቡ መጠጡን እንዲጠራ

ድርጅቶቹ ይህን ስለሚያውቁ መጠጥ የሚያስፈልገው ምግብ ያዘጋጃሉ። ቀዳሚው መንገድ ጨው ነው። ጨው በመጀመሪያ ለጣዕም የሚጨመር ቢሆንም፣ በደም ውስጥ ሲበዛ አንጎል ውኃ እንድንጠጣ ያዝዛል። ደረቅና ትኩስ ቺፕስ፣ በሸጣ የተለወሰ ዶሮ፣ ሁሉም መጠጥ ይጠራሉ። ይህ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በአገራችን በአንዳንድ ቢራ ቤቶች ጨው ያለበት ቆሎ በነፃ የሚቀርበው በደግነት ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ መጠን ነው። ዴቪድ ዋለርስታይን የተባለ ሰው በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ሲሠራ አንድ ነገር አስተዋለ። ተመልካቾች ሁለተኛ ከረጢት ፈንዲሻ መግዛት ያፍሩ ነበር፤ ሆዳም እንዳይባሉ። እርሱም ከረጢቱን ትልቅ አደረገው። ሰዉ ያለ ሐፍረት ትልቁን ገዛ፤ የፈንዲሻው ብቻ ሳይሆን የለስላሳውም ሽያጭ ጨመረ። ዋለርስታይን በኋላ የማክዶናልድስ የቦርድ አባል ሆኖ ይህንኑ ሐሳብ ወደ ቺፕስ አመጣው። ትልልቆቹ የቺፕስ መያዣዎች የመጡት በዚህ መንገድ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ሌላ ቦታ የማይገኝ መጠጥ መፍጠር ነው። ታኮ ቤል የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2004 ከፔፕሲ ኩባንያ ጋር ሆኖ ከቅመማም ምግቦቹ ጋር የሚሄድ፣ የሎሚ ጣዕም ያለው «ባሃ ብላስት» የተባለ ለስላሳ አወጣ። መጠጡን የፈለገ ሰው ወደዚያ ምግብ ቤት መሄድ ነበረበት።

የምግብና የመጠጥ ድርጅቶች ግንኙነት ከዚህም ይጠልቃል። ማክዶናልድስ ከ1955 ጀምሮ ኮካ ኮላን ይሸጣል። ፔፕሲ ደግሞ ፒዛ ሃትን በ1977፣ ታኮ ቤልን በ1978፣ ኬኤፍሲን በ1986 ገዝቶ እስከ 1997 ድረስ ባለቤታቸው ነበር። ለመጠጥ አምራች፣ እያንዳንዱ ምግብ ቤት የራሱ መጠጥ መሸጫ ይሆንለታል።

ካርቱምና ኮምቦው

አሜሪካ ከ1997 እስከ 2017 በሱዳን ላይ ሰፊ የንግድ ማዕቀብ ጥላ ስለነበር፣ ማክዶናልድስ እዚህ ቅርንጫፍ አልከፈተም። በአዲስ አበባም ፒዛ ሃት የተከፈተው በ2018 ነው። የኮምቦው ዘዴ ግን ድርጅቶቹን አልጠበቀም፤ የአገሬው ምግብ ቤቶች ራሳቸው ወሰዱት። ደግሞም የሚገርመው፣ ከማዕቀቡ ነፃ ከተደረጉት ጥቂት የሱዳን ምርቶች አንዱ ሙጫ ነበር። ከኮርዶፋንና ከሌሎች አካባቢዎች የሚለቀመው ይህ የግራር ሙጫ በለስላሳ መጠጦች ውስጥ ጣዕሙ ከውኃው እንዳይለያይ ያደርጋል። ዓለም ያለ ሱዳን ሙጫ ለስላሳውን መጠጣት ይቸግረው ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንድ የ330 ሚሊ ሊትር ኮካ ኮላ 35 ግራም ገደማ፣ ማለትም ወደ 9 የሻይ ማንኪያ ስኳር አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ አዋቂ ሰው በቀን የሚወስደው የተጨመረ ስኳር ወደ 25 ግራም ዝቅ ቢል የተሻለ እንደሆነ መክሯል። ለልጅ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። እንግዲህ አንዱ ጣሳ ብቻውን ከቀኑ መጠን ያልፋል፤ ትልቁ ኩባያማ አይነሣ።

የካርቱም ሙቀት ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ወቅት ጥሙ እውነተኛ ነው፤ መጠጣትም ግድ ነው። ነገር ግን ጥምን ውኃ ይቆርጠዋል። ከቤት በኮዳ የተያዘ ውኃ፣ ስኳር ያልበዛበት ከርከዴ፣ ተበልዲ ወይም አረዴብ ኪስን አይጎዳም። ወላጆችም ለምሳ የሚሆን ገንዘብ ስትሰጡ ኮዳውን አብራችሁ ብትሰጡ፣ ጥያቄው ከመምጣቱ በፊት መልሱ በልጁ ቦርሳ ውስጥ ይኖራል።

ተማሪዎች ደግሞ አንድ ነገር አስቡ። ከመካከላችን የብዙዎቻችን እናቶች በዚህ ከተማ በመንገድ ዳር ቡናና ሻይ እያፈሉ ያሳድጉናል። በስሌታችን ያየናት 25 ፓውንድ በአንድ «እሺ» የምትወጣ ትመስላለች፤ እናት ግን ከከሰሉ ፊት ተቀምጣ፣ ስንት ስኒ ቀድታ እንደምታገኛት እናውቃለን። በሚቀጥለው ሐሙስ ሻጩ «ከነመጠጡ ይሁን?» ሲል፣ «አይ፣ ሳንድዊቹ ብቻ» ማለት ይቻላል። እርሱም አይቆጣም፤ 30 ፓውንዱን አትርፏል።