ማደሪያ አለ፣ ቤት የለም፦ የእንግሊዝ ቤት አልባ ቤተሰቦች ጉዳይ ከየት ወዴት?

እ.ኤ.አ. በማርች 2025 መጨረሻ በእንግሊዝ ከ130 ሺህ በላይ ቤተሰቦችና ብቸኛ ሰዎች ካውንስሎች (የአካባቢ አስተዳደሮች) ባቀረቡላቸው ጊዜያዊ ማረፊያ ይኖሩ ነበር። ከእነርሱ ጋር ወደ 170 ሺህ የሚጠጉ ልጆች ነበሩ። ጎዳና ላይ ስለማያድሩ ለአላፊ አግዳሚው አይታዩም። የሚኖሩት በሆቴል ክፍል፣ ቢሮ በነበረ ሕንፃ ወይም ካውንስሉ በሌሊት ሒሳብ በተከራየው የግል አፓርታማ ነው። ብዙዎቹም ዓመታት ያሳልፉበታል። ቤተሰብ ሜዳ ላይ እንዳይወድቅ የሚያስገድድ ጠንካራ ሕግ ያላት አገር እዚህ እንዴት ደረሰች?

ግዴታው የመጣበት መንገድ

በ1960ዎቹ ቤት ያጣ ቤተሰብ የሚላከው ወደ ሆስቴሎች ነበር፤ አንዳንዶቹም የጥንት የድሆች ማጎሪያ የነበሩ ሕንፃዎች ናቸው። በብዙዎቹ እናትና ልጆች ሲገቡ አባት ከበር ይመለስ ነበር። በ1965 እና በ1966 ኬንት ውስጥ በሚገኘው ኪንግ ሂል ሆስቴል አባቶች ደንቡን ጥሰው ከቤተሰባቸው ጋር በመቆየታቸው የታሰሩም ነበሩ። በኖቬምበር 1966 ቢቢሲ ያሳየው የኬን ሎች ድራማ፣ «ካቲ ካም ሆም»፣ አንድ ወጣት ቤተሰብ ቤት አጥቶ ሲበተን በየሳሎኑ አስገባው። በሚቀጥለው ወር ሼልተር የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ሥራ ጀመረ።

ሕጉ ግን የወጣው በ1977 ነው። የሊበራል ፓርቲው እንደራሴ ስቴፈን ሮስ ያቀረቡት ረቂቅ ጸድቆ፣ ልጅ ያለውን ወይም ነፍሰ ጡር ያለችበትን ቤት አልባ ቤተሰብ ማሳረፍ የካውንስል ግዴታ ሆነ። አመልካቹ ቤቱን ሆን ብሎ በራሱ ጥፋት ያላጣ መሆኑና ከአካባቢው ጋር ያለው ግንኙነት ግን ይመረመራል።

ቤቱ ተሸጠ፣ ግዴታው ቀረ

ከሦስት ዓመት በኋላ የማርጋሬት ታቸር መንግሥት የካውንስል ተከራዮች ቤታቸውን በቅናሽ እንዲገዙ የሚፈቅደውን የ1980 ሕግ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉ ቤቶች ተሸጠዋል። ለገዙት ቤተሰቦች ትልቅ ጥሪት ሆኗል። ካውንስሎች ግን ከሽያጩ ገንዘብ ብዙውን ለአዲስ ግንባታ እንዳያውሉ ስለተከለከሉ፣ በተሸጠው ልክ የተተካ ቤት አልነበረም።

ድሃው ቤተሰብ ወደ ግል አከራይ ዞረ። እዚያ ደግሞ አከራዩ ምክንያት ሳይሰጥ በሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ሊያስወጣው ይችል ነበር። ለዝቅተኛ ገቢ የሚሰጠው የኪራይ ድጎማም ከ2020 እስከ 2024 ባለበት ሲቆም፣ ኪራዩ አልቆመም።

ገንዘቡ የት ይገባል?

ካውንስሎች በ2023/24 የበጀት ዓመት ብቻ ለጊዜያዊ ማረፊያ ከ2 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ አውጥተዋል። ማዕከላዊው መንግሥት ለአብዛኛው ማረፊያ የሚመልስላቸው ግን በጃንዋሪ 2011 የኪራይ ተመን 90 በመቶ ላይ ተመሥርቶ ነው። ልዩነቱ ለሌላ አገልግሎት ከታሰበው የካውንስሉ በጀት ይወጣል።

የችግሩ ቋጠሮ ያለው እዚህ ላይ ነው። ካውንስሉ ቤተሰቡን ዛሬ ማታ ማሳደር ስላለበት ለመከራከር ጊዜ የለውም፤ አከራዩም ይህን ያውቃል። ስለዚህ ለአንድ ቤተሰብ በወር ሊከራይ ይችል የነበረው ቤት በሌሊት ሒሳብ፣ በበለጠ ዋጋ፣ ለካውንስል ይቀርባል። የሌሊት ኪራዩ በሰፋ ቁጥር ለቋሚ ኪራይ የሚቀረው ቤት ያንሳል፤ ቤት የሚያጣውም ይበዛል።

በልጆች ላይ

ከኤፕሪል 2004 ጀምሮ ልጅ ያለውን ቤተሰብ ማድ ቤትና መታጠቢያ ከሌሎች ጋር በሚጋራበት ሆቴል ከስድስት ሳምንት በላይ ማቆየት ሕገወጥ ነው። ደንቡ ግን ዛሬም በሺዎች ላይ ይጣሳል። የአገሪቱ የሕፃናት ሞት መዝገብ በአምስት ዓመት ውስጥ ጊዜያዊ ማረፊያው ለ74 ልጆች ሞት አስተዋጽኦ እንደነበረው መዝግቧል፤ 58ቱ ዓመት ያልሞላቸው ናቸው። ጨቅላን ለብቻው የሚያስተኛ አልጋ የማይዝ ክፍል ለሕይወት አስጊ ነው።

ከሰፈር መራቅም አለ። የለንደኑ ዌስትሚኒስተር ካውንስል የአምስት ልጆች እናትን ሚልተን ኪንስ አጠገብ ቤት ሰጥቶ፣ አልሄድም ስትል ግዴታዬ አበቃ አለ። በ2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለእናትየው ፈረደ፦ ካውንስሉ ቅርብ ቦታ ለምን እንዳላገኘ ማስረዳትና የልጆቹን ደህንነት ማመዛዘን ነበረበት።

ወገኖቻችንን የሚነካው

ጥገኝነት የተፈቀደለት ቤተሰብ ከስደተኞች ማረፊያ በሳምንታት ውስጥ እንዲወጣ ስለሚጠየቅ፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የመጡ ብዙዎች የካውንስሉን በር የሚያንኳኩት ያኔ ነው። ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ሕግ ቤት ከማጣት 56 ቀን አስቀድሞ እርዳታ መጠየቅን ስለሚፈቅድ፣ የመልቀቂያው ደብዳቤ እንደደረሰ ማመልከት ይጠቅማል። የተሰጠው ቤት የማይመች ከሆነም እምቢ ማለት አደገኛ ነው፤ ገብቶ በ21 ቀን ውስጥ ውሳኔው እንዲመረመር መጠየቅ ይቻላል።

መውጫው

በጊዜያዊ ማረፊያ የሚኖሩ ቤተሰቦች ቁጥር መቀነስ እንደሚችል ታይቷል። በ2004 መጨረሻ ከ101 ሺህ በላይ ነበር፤ መንግሥት እስከ 2010 በግማሽ ሊቀንሰው ቃል ገብቶ ፈጸመው። ከዚያ ወዲህ የኪራይ ድጎማው ሲቆረጥ እንደገና አሻቀበ። አሁን ያለው መንግሥት በአሥር ዓመት 39 ቢሊዮን ፓውንድ መድቦ 300 ሺህ ያህል ቤቶች፣ ቢያንስ 60 በመቶውን በአነስተኛ ማኅበራዊ ኪራይ፣ ለማስገንባት አቅዷል። በ2025 የጸደቀ ሕግም ያለ ምክንያት ማስወጣትን ይሽራል።

የ1977ቱ ሕግ ትልቅ ነገር አድርጓል፤ ቤተሰብ ሳይበተን ጣሪያ እንዲያገኝ አስገድዷል። ያላስገደደው የነገውን ቤት መሥራት ነው። ስለዚህ የአዲሱ ዕቅድ መመዘኛ ስንት ክፍል ተከራየ የሚል አይሁን። በየዓመቱ ስንት ቤተሰብ ከማረፊያ ወጥቶ አቅሙ በሚችለው ኪራይ በራሱ ውል ገባ ብለን እንጠይቅ። ይህ ቁጥር ካላደገ፣ የሚወጣው ቢሊዮን ሁሉ የሚገዛው ሌላ ሌሊት ብቻ ነው።