ሐይቅ እስጢፋኖስ፦ መውጫ ከሌለው ውኃ ዳር የወጡ ሊቃውንት

የአርዲቦ ሐይቅ ሲሞላ ትርፉ በአንቃርቃ ወንዝ አድርጎ ቁልቁል ወደ ጎረቤቱ ወደ ሎጎ፣ ብዙዎቻችን በደፈናው «ሐይቅ» ወደምንለው ውኃ ይወርዳል። ሎጎ የሚገባበት እንጂ የሚወጣበት ወንዝ የለውም፤ ጥልቀቱም ከ80 ሜትር ይበልጣል። ከዚህ ውኃ መሀል ሲወጡ የኖሩት መነኮሳትና መጻሕፍት ናቸው።

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ፣ በሐይቁ ደሴት ላይ የተሠራው የእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን በትውፊት ከንጉሥ ድል ነዓድ ዘመን ጀምሮ እንደነበረ ይነገራል። ስሙ የገነነው ግን እ.ኤ.አ. በ1248 ገደማ የዳህናው ተወላጅ አባ ኢየሱስ ሞዓ ከደብረ ዳሞ ከመጡ በኋላ ነው። በደብረ ዳሞ በአባ ዮሐኒ ሥር ተምረው፣ መጽሐፍ መጻፍም ለምደው ነበርና በሐይቅ ገዳምና ትምህርት ቤት ባንድነት አቆሙ።

ተማሪዎቻቸውን መቁጠር የአገሩን ታሪክ መቁጠር ይሆናል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ለዓመታት የተማሩት እዚህ ነው። ሌላው ደቀ መዝሙራቸው አባ ሂሩተ አምላክ ወደ ጣና ተሻግረው ዳጋ እስጢፋኖስን መሠረቱ፤ ስሙንም ከሐይቅ ይዘው እንደሄዱ ልብ ይሏል። ከብዙ ጊዜ በኋላ «መጽሐፈ ምሥጢር»ን የጻፉት አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫም የዚሁ ቤት ልጅ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1270 ይኩኖ አምላክ ሲነግሥ አባ ኢየሱስ ሞዓ እንደረዱት ትውፊቱ ያስረዳል። የሐይቁ አበምኔት «ዐቃቤ ሰዓት» ተብሎ በቤተ መንግሥቱ ከፍተኛ ሥልጣን ከነበራቸው ካህናት አንዱ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ ወደ አገሩ የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በደሴቲቱ ላይ ብዙ መነኮሳት፣ ሎሚና ብርቱካን እንደነበሩ ጽፏል። መሻገሪያቸው ከደንገል የተሠራ ታንኳ ነበር።

ውኃው ግን አላዳናቸውም። እ.ኤ.አ. በ1530ዎቹ መጀመሪያ ክርስቲያናዊውን መንግሥት እየወጋ የመጣው የኢማም አሕመድ ሠራዊት ሐይቁ ዳር ደረሰ። የዘመቻው ጸሐፊ አረብ ፈቂህ እንደተረከው ዘማቾቹ ወደ ደሴቲቱ ለመሻገር እንጨት እያሰሩ መንሳፈፊያ ሠሩ፤ መነኮሳቱም በመጨረሻ ሀብታቸውን አስረከቡ። ነገሥታት ሲያከማቹት የኖሩት ወርቅ በዚያው ሄደ።

ከዚያ ዘመን አስቀድሞ የተጻፈ አንድ መጽሐፍ ግን ተርፏል። አባ ኢየሱስ ሞዓ እ.ኤ.አ. በ1280/81 ለእስጢፋኖስ የሰጡት የብራና ወንጌል ነው። ዘመናቸው ተለይቶ ከሚታወቁ የኢትዮጵያ ብራናዎች በዕድሜ ከቀደሙት አንዱ ሲሆን፣ የራሳቸው የአባ ኢየሱስ ሞዓ ሥዕልም አለበት። መነኮሳት ስጦታና ንብረት ሲመዘግቡ እንዲህ ያለውን ወንጌል እንደ መዝገብ ይጠቀሙበት ስለነበር ባዶ የነበሩ ገጾቹ የገዳሙን ታሪክ ይዘዋል።

ዛሬ ደሴቲቱ ከየብስ ጋር ተገናኝታለች፤ ወደ ገዳሙ በእግር ይገባል። ሴቶች ግን ወደ ውስጥ አይዘልቁም። በአካባቢው ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎን ለጎን ያርሳል፣ ዓሣ ያጠምዳል።

ወንጌሉም በ20ኛው ክፍለ ዘመን በማይክሮፊልም ተነሥቶ፣ ቅጂው አሜሪካ ሚኒሶታ፣ በቤኔዲክታውያን መነኮሳት በተመሠረተው በቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ በሚገኝ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። ቅጂው የተመዘገበበት ቁጥር 1832 ነው።