ፓኬት ለምን ይዞራል? ከቧንቧ ውሃ እስከ ኮምቦልቻ

ደሴ ለገመድ አልባ ኔትወርክ የምትመች ከተማ አይደለችም። በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል ተወሽቃ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ኮምቦልቻ ደግሞ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ከተወረደ በኋላ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ መሃል ላይ ሐረጎ አለ። (ያ የታወቀው የደሴ ጉም እንኳ ለዋይፋይ ሞገድ እምብዛም ችግር አይደለም፤ የሚጋርደው ተራራው ነው።) ቧንቧ ውሃ ሰፈር ጣሪያ ላይ የተተከለ አንቴና ኮምቦልቻን በቀጥታ አያይም። ያለው አማራጭ መቀባበል ነው፦ አንዱ ራውተር ለጎረቤቱ፣ ጎረቤቱም ለቀጣዩ። ሜሽ ኔትወርክ የሚባለው ይኸው ነው።

እስቲ በሐሳብ እንሥራው። ከኢንተርኔቱ ገመድ ጋር የተያያዘው ራውተር ፒያሳ ነው እንበል። የሆጤ ሰፈር ራውተር ከፒያሳ ይቀበላል፣ የቧንቧ ውሃው ከሆጤ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በአንዳንድ አሠራሮች ራውተር የከተማውን ካርታ አያውቅም፤ የሚያውቀው ጎረቤቶቹ የነገሩትን ብቻ ነው። ሆጤ «ኢንተርኔት ጋ በ1 እርምጃ እደርሳለሁ» ይላል። ቧንቧ ውሃ ይህን ሰምቶ «እኔ በ2» ብሎ ለአካባቢው ያሰማል።

አሁን ንፋስ የሆጤን አንቴና አጣመመውና ከፒያሳ ጋር ተቆራረጠ። ሆጤ ግራ ገብቶት ጆሮውን ሲያቆም ቧንቧ ውሃ «በ2 እደርሳለሁ» ሲል ይሰማል። በማን በኩል እንደሆነ ግን አልተነገረውም። «እንግዲያው እኔ በቧንቧ ውሃ በኩል በ3!» ይላል። ያ 2 የተገኘው ከራሱ ከሆጤ 1 መሆኑን በምን ይወቅ? ጠዋት ሰኞ ገበያ ላይ ያወራችሁት ወሬ ማታ በሌላ ሰው አፍ ሲመለስላችሁ «ለካ እውነት ኖሯል!» እንደማለት ነው። ቧንቧ ውሃም የሆጤን 3 ሰምቶ ወደ 4 ያርማል፤ ሆጤ ወደ 5፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። በዚህ መሃል ለኢንተርኔት የተላከው ፓኬት (የመረጃ ቁራጭ) ከሆጤ ወደ ቧንቧ ውሃ፣ ከቧንቧ ውሃ ወደ ሆጤ ይመላለሳል። አዙሪት ማለት ይህ ነው።

ፓኬቱ ለዘላለም አይዞርም። ሲነሳ የዕድሜ ቁጥር ይሰጠዋል፤ በሊኑክስ ብዙውን ጊዜ 64 ነው። እያንዳንዱ ራውተር አንድ ይቀንሳል፣ ዜሮ ሲደርስ ይጣላል። ይህ ግን ቀብር እንጂ ሕክምና አይደለም። በገመድ ቢሆን ጉዳቱ በዚያው መስመር ላይ ይቀር ነበር። በዋይፋይ ግን በአንድ ቻናል ላይ ያሉ ጎረቤታሞች ተራ በተራ ነው የሚናገሩት፤ በሁለት ቅብብል ይደርስ የነበረ ፓኬት ስድሳ ጊዜ አየሩን ሲይዝ፣ አዙሪቱ ውስጥ የሌለውም ሰፈር አብሮ ይቆማል።

መድኃኒቱስ? እ.ኤ.አ. በ1988 በሰነድ የተደነገገው ሪፕ የተባለው አሠራር ቆጠራው 16 ሲደርስ «መንገድ የለም» ብሎ ይቆርጣል። ከዚህ ሌላ «ከእኔ የሰማኸውን ለእኔ አትመልስ» የሚል ደንብ አለ። ሁለት ራውተሮች ብቻ ከሆኑ ይሠራል፤ የሮቢት ሰፈር ራውተር ሦስተኛ ሆኖ ሲገባ ግን ወሬው በሮቢት በኩል ዞሮ ይመጣል። ደግሞ በሬዲዮ የተነገረውን በአካባቢው ያለ ሁሉ ስለሚሰማ፣ ለአንዱ እየነገሩ ለሌላው መደበቅ አይመችም።

ትልቁ እርምጃ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1994 ፐርኪንስና ባግዋት ዲኤስዲቪ የተባለውን አሠራር ሲያቀርቡ ነው። ወሬው ላይ ተራ ቁጥር ተለጠፈበት። ቁጥሩን በጊዜው ማሳደግ የባለቤቱ፣ የመድረሻው ራውተር ሥራ ነው፤ እሱም ተጋማሽ ቁጥር ብቻ ይሰጣል። መንገድ መቆረጡን ያየ ጎረቤት ደግሞ አንድ ጨምሮ በጎደሎ ቁጥር «ተቆርጧል» ይላል። አሮጌ ወሬ በአዲሱ ይሸነፋል።

እኔን ከሁሉ የማረከኝ ግን ፓሪስ የሚሠራው ዩሊዩሽ ክሮቦቼክ ያዘጋጀው ባቤል ነው። ደንቡ አጭር ነው፦ እስከ ዛሬ ከተናገርኸው ትንሹ ቁጥር በታች ያለውን ጎረቤት ብቻ እመን። ሆጤ ቀደም ሲል 1 ብሏል፤ ስለዚህ የቧንቧ ውሃን 2 አይቀበልም። በመንገዱ ላይ ቁጥሩ በየእርምጃው መቀነስ ስላለበት፣ ዞሮ ወደ ራስ መመለስ አይቻልም።

ዋጋ ግን ያስከፍላል። ሮቢት ከፒያሳ ጋር በቀጥታ ተገናኝቶ «በ1 እደርሳለሁ» ቢል፣ መንገዱ እውነተኛ ሆኖ ሳለ ሆጤ እሱንም ይገፋዋል፤ 1 ከ1 አያንስምና። ባቤልም ተራ ቁጥር ይጠቀማልና፣ ያኔ ሆጤ ያለ መንገድ ይቀመጥና «አዲስ ተራ ቁጥር ይሰጠኝ» ብሎ በሮቢት በኩል ይጠይቃል። ፒያሳ ቁጥሩን ያሳድጋል፤ የቀድሞው 1 ገደብ የሚሆነው ለአሮጌው ተራ ቁጥር ብቻ ስለሆነ፣ አዲሱ ወሬ በሮቢት በኩል ሲደርስ ሆጤ ይቀበላል። በእኔ ግምት ይህ ጥሩ ንግድ ነው፤ ለጥቂት ጊዜ ያለ መንገድ መቀመጥ የሰፈሩን አየር ከመዝጋት ይሻላል። በበርሊን ፍራይፉንክ የተባለው የነዋሪዎች ኔትወርክም ቀድሞ ይጠቀምበት በነበረው አሠራር ሲቸገር ባትማን የተባለውን ሌላ መንገድ መሞከር ጀምሮ ነበር።

ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያላችሁ ተማሪዎች፣ አራት አሮጌ ራውተሮች ካገኛችሁ ባቤልን ኦፕንደብሊውአርቲ በተባለው ነፃ የራውተር ሶፍትዌር ላይ ጭናችሁ አንዱን እየነቀላችሁ ሞክሩት። ከዚያ ፓኬቱ ያለፈባቸውን ራውተሮች የሚዘረዝረውን ትሬስራውት የተባለ ትእዛዝ አዙ፤ ሁለት አድራሻዎች እየተፈራረቁ እስከ 30ኛው መስመር ከተደረደሩ አዙሪት ውስጥ ገብታችኋል።