ነፋስ ቀጠሮ አይሰጥም

የመሥሪያ ቤት ሰው የሚተዳደረው በሰዓት ነው። ጧት የሚገባበት፣ ቀትር ላይ ምሳ የሚበላበት፣ ማታ የሚወጣበት ጊዜ ተወስኖለታል። ነፋስ ግን የመግቢያም ሆነ የመውጫ ሰዓት የለውም፤ ሲያሰኘው በሥራ ቀን ይነሣል፣ ሲያሰኘው እሑድን ሙሉ ተኝቶ ይውላል። እንግዲህ በሰዓት የሚገዛ ሰው በሰዓት የማይገዛውን ነፋስ የወደደ እንደ ሆነ ኑሮው ምን ይመስላል? ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ይህንኑ ነው።

ዊንድሰርፊንግ የሚባለው ስፖርት፣ ሰው በአንዲት ጠባብ ሰሌዳ ላይ ቆሞ፣ ሸራ በሁለት እጁ ይዞ፣ በነፋስ ኃይል ውኃ ላይ የሚጋልብበት ጨዋታ ነው። ሞተርም ሆነ መቅዘፊያ የለውም። ሸራውን የተሸከመው ምሰሶ ከሰሌዳው ጋር የተያያዘው ወደ ፈለጉት አቅጣጫ በሚተጣጠፍ መጋጠሚያ ስለ ሆነ፣ ሰውየው ሸራውን ወደ ፊት ሲያዘነብለው ሰሌዳው ፊቱን ከነፋሱ ያዞራል፤ ወደ ኋላ ሲያዘነብለው ደግሞ ወደ ነፋሱ ይቀርባል። ፈረሰኛ ፈረሱን በልጓም እንደሚያዝ ሁሉ፣ ይኸኛውም ሰሌዳውን የሚያዘው በሸራው ዘንበል ቀና ማለት ነው።

የጨዋታው ፈጣሪ ማን ነው የሚለው ጥያቄ ብዙ ክርክር አስነሥቷል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1958 ፒተር ቺልቨርስ የተባለ የ12 ዓመት እንግሊዛዊ ልጅ በሄይሊንግ ደሴት ሸራ የተተከለበት ሰሌዳ ሠርቶ እንደ ተጫወተበት በኋላ በአገሩ ፍርድ ቤት ተመስክሮለታል። በአሜሪካም ኒውማን ዳርቢ በ1964 የራሱን ሠርቷል። ሆኖም ጨዋታው በዓለም እንዲዳረስ ያደረጉት የአውሮፕላን መሐንዲሱ ጂም ድሬክና ነጋዴው ሆይል ሽዋይትዘር ናቸው። ድሬክ በ1967 በካሊፎርኒያ የመጀመሪያውን ሰሌዳቸውን በውኃ ላይ ሞከረ፤ የፈጠራ መብታቸውም በ1970 ጸና። በ1984 በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ጨዋታው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባ፣ የወርቁን ሜዳሊያ የወሰደው የሆላንዱ ስቴፋን ቫን ደን በርግ ነበር።

የዛሬው ጽሑፋችን ግን ስለ ሜዳሊያ ባለቤቶች ሳይሆን ስለ አማተሩ ነው። አማተር የሚለው ቃል ከላቲን ቋንቋ የመጣ ሲሆን፣ መነሻው «አፍቃሪ» ማለት ነው። ደመወዝ ሳይከፈለው፣ እንዲያውም ከደመወዙ እየከፈለ፣ ስለ ፍቅሩ ብቻ የሚጫወት ሰው ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ሰው በአሜሪካ ከታወቁት ስፍራዎች አንዱ፣ በኦሪገንና በዋሽንግተን ግዛቶች መካከል የሚገኘው የኮሎምቢያ ወንዝ ሸለቆ ነው። 130 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው ይህ ሸለቆ የካስኬድ ተራሮችን ሰንጥቆ ያልፋል። በዚያ አገር የሙቀት ወራት፣ በስተምሥራቅ ያለው ደረቅ ምድር በፀሐይ ሲግል አየሩ ሞቆ ወደ ላይ ይነሣል። በስተምዕራብ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ ያለው አየር ግን ቀዝቃዛና ከባድ ነው። ይህም ከባድ አየር ወደ ምሥራቅ ሲገፋ ተራሮቹ ስለሚከለክሉት በዝቅተኛው በር፣ ማለት በሸለቆው በኩል ይጋፋል። ሰፊ ጐርፍ በጠባብ ቦይ ሲያልፍ እንደሚፈጥን ሁሉ፣ ነፋሱም በዚያ ይበረታል። ከዚህም ሌላ ወንዙ ወደ ምዕራብ ሲፈስ ነፋሱ ወደ ምሥራቅ ስለሚነፍስ፣ ሁለቱ ሲጋጠሙ ማዕበሉ ቀጥ ብሎ ይነሣል፤ ነፋስ የገፋውንም ሰው የወንዙ ፍሰት ይመልሰዋል። በወንዙ ዳር ያለችው ሁድ ሪቨር የተባለች ትንሽ ከተማ ዝነኛ የሆነችው በዚሁ ነፋስ ነው።

እስቲ አሁን አንድ ሰው በአሳባችን እንሣል። ዕድሜው 40 ዓመት ያህል ነው። ከሁድ ሪቨር 100 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በፖርትላንድ ከተማ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ይሠራል። ሚስትና አንዲት የአራት ዓመት ሴት ልጅ አለችው። ከግንቦት እስከ መስከረም በመኪናው ጣሪያ ላይ ሰሌዳ፣ በውስጡም ሦስት አራት ሸራ አይታጣም። በጠረጴዛው ላይ መዝገብ እየመረመረ፣ በጐን በስልኩ የወንዙን ነፋስ ፍጥነት ይመለከታል። 15 ኖት ሲያሳየው ልቡ ይመታል፤ 25 ሲያሳየው ወንበሩ ይቈረቍረዋል። አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ይህ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የተማረው የሙያውን ያህል የሒሳብ ነገር ነው። የነፋስ ግፊት የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ነው። ይኸውም ነፋሱ ከ15 ወደ 30 ኖት ቢያድግ፣ ፍጥነቱ ዕጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት ዕጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ ነፋስ ሲበረታ ሸራን ማሳነስ ግድ ነው። ነገር ግን ሸራ ለመለወጥ ከውኃ ወጥቶ፣ ሁሉን ፈትቶ፣ እንደገና ማሰር ያስፈልጋል። ይህም ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ከሥራ በኋላ 100 ኪሎ ሜትር ነድቶ ለመጣና ጀምበር ለምትጠልቅበት ሰው ግማሽ ሰዓት እንደ ቀላል የምትታይ አይደለችም።

በአንድ የሐምሌ ማታ የተሳሳተው ይህችን ግማሽ ሰዓት ለማትረፍ ሲል ነው። ነፋሱ መበርታቱን እያየ፣ ውኃውም ሁሉ ነጭ አረፋ ደፍቶ ሳለ፣ «አንድ ጊዜ ብቻ ተሻግሬ ልመለስ» ብሎ በትልቁ ሸራ ገባ። እግሮቹን በሰሌዳው ላይ ባሉት ጠፍሮች ውስጥ አግብቷል፤ በወገቡ ያለው መንጠቆም ከሸራው መያዣ ጋር ተያይዟል። በወንዙ መካከል ሲደርስ ድንገተኛ ነፋስ መታው። ሸራው ሰውየውን ይዞ ወደ ፊት ተወረወረ። አንደኛው እግሩ ከጠፍሩ ሲወጣ ሁለተኛው እዚያው ተይዞ ተጠመዘዘ፤ ምሰሶውም ወርዶ የሰሌዳውን አፍንጫ ሰበረው። በአንድ ውድቀት ዕቃውም ባለቤቱም ተጎዱ።

ስለ ሰሌዳው ጥቂት እንናገር። ሲያዩት ድፍን ቢመስልም የዛሬ ሰሌዳ እንደ ዳቦ ነው፤ ቅርፊቱ ጠንካራ፣ ውስጡ ለስላሳ ነው። ውስጡ ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን ማሸጊያ የሚሆነው ፖሊስታይሪን የተባለ ነጭ ቀላል ነገር ሲሆን፣ ቅርፊቱ በኢፖክሲ ሙጫ የጠነከረ የፋይበርግላስ ወይም የካርቦን ጨርቅ ነው። ቅርፊቱ በፀጉር ያህል ቢሰነጠቅ ውኃ ይገባል። የጣና ሰው ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል፤ ታንኳው የተሠራበት ደንገል ውኃ ሲጠጣ ይከብዳልና፣ ከሐይቁ አውጥቶ ያደርቀዋል።

ትክክለኛው ጥገና እንዲህ ነው። አስቀድሞ የተሰባበረው ቅርፊት ተቈርጦ ይወጣል። ቁስሉ ተከፍቶ ነፋስ በሚያገኘው ስፍራ ለቀናት፣ አንዳንድ ጊዜም ለሳምንታት እንዲደርቅ ይተዋል። ከዚያ በኋላ ጐድጓዳው በኢፖክሲ በተለወሰ ቀላል ዱቄት ይሞላል፤ በላዩም የፋይበርግላስ ጨርቅ ተደራርቦ ይጣበቃል። ሲጠነክር በብርጭቆ ወረቀት፣ በመጀመሪያ በሻካራው፣ ቀጥሎ በለስላሳው ይፈተጋል፤ በመጨረሻ ይቀባል። ፖሊስተር የሚባለው ርካሽ ሙጫ ግን ነጩን የውስጥ ክፍል ስለሚያቀልጠው አይነካም። ኢፖክሲም ቢሆን ደጋግሞ ቆዳን ሲነካ የማይለቅ አለርጂ ሊያስከትል ይችላልና፣ ጓንት ማጥለቅና ከብናኙ አፍንጫን መሸፈን ይገባል።

ሰውያችን ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር። ዳሩ ግን በዐሥረኛው ቀን ስልኩ 25 ኖት አሳየው። ሰሌዳው ላይ ላዩን ደርቋል፤ ቁስሉን በጣት ሲነኩት ግን ገና ይረጥባል። የእግሩም እብጠት ጐድሏል፤ ውስጥ እግሩ ግን በልዟል፣ በጣቶቹ ሲቆምም ያመዋል። በዋዜማው ሌሊት ስንጥቁን በሙጫ ደፈነው። ጧት ዕቃውን ሲጭን ሚስቱ በር ላይ ቆማ፣

«ሰሌዳው ደረቀ?» አለችው።

«ደርቋል።»

«እግርህስ?»

«ወለምታ ነው፤ ለቅቆኛል» አላት። ሁለቱም መልስ እውነት አልነበረም።

በዚያ ቀን አንድ ሰዓት ያህል ተጫውቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ ግን እግሩን መሬት ማስረገጥ አልቻለም። ሐኪሙ ውስጥ እግሩ መበለዙን አይቶ ተጠራጠረና፣ ቆሞ ክብደቱን በእግሩ ላይ ጥሎ ሳለ ራጅ አነሣው። ነገሩ ወለምታ አልነበረም። ሊስፍራንክ የሚባል፣ በእግር መካከል ያሉትን አጥንቶች የሚያያይዘው ጅማት ጉዳት ነበር። ስሙ የተወሰደው በናፖሊዮን ዘመን ከነበረው ፈረንሳዊ ቀዶ ሐኪም ከዣክ ሊስፍራንክ ነው። ይህ ጉዳት ሰው ተኝቶ በተነሣ ራጅ ሊሰወር ስለሚችል፣ ብዙ ጊዜ እንደ ወለምታ ይቈጠራል። አጥንቶቹ ከስፍራቸው የራቁ እንደ ሆነ በቀዶ ሕክምና በብሎን ይያዛሉ። ሰውያችን ከዚህ ለጥቂት ተረፈ፤ ነገር ግን ስድስት ሳምንት እግሩን መሬት እንዳያስረግጥ ታዘዘ። ሰሌዳውም በመኪናው ጣሪያ ላይ ፀሐይ ሲመታው፣ ውስጥ የታፈነው እርጥበት ሞቆ ቅርፊቱን ከውስጡ አላቅቆ አሳበጠው።

የነፋሱ ወራት እንዲሁ አለፉ። ከነፋሱ ይልቅ የከበደው ግን ሌላ ነገር ነበር። ገበያውን፣ የቤቱን ሥራና ልጅቱን ማመላለሱን ሚስቱ ብቻዋን ያዘች። ልጅቱም እንደ ልማዷ በትከሻው እንዲያዝላት ስትለምነው፣ በክራንች የቆመ አባት የሚሰጣት መልስ አልነበረውም። ይህ ሁሉ የሆነው በቀጠሮ ስላልመጣ አንድ ነፋስ ነው። ያን ማታ ሚስቱን «ዋሽቼሻለሁ» አላት። እርሷም «እኔን ብቻ አይደለም፤ ራስህንም ነው» አለችው።

በክረምቱ ሰሌዳውን እንደገና ከፈተው። አሁን ግን የሒሳብ ሠራተኛ ነውና በሒሳብ ሄደ። በየሳምንቱ ሰሌዳውን እየመዘነ ክብደቱን በደብተር ጻፈ። ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ድረስ ሙጫ አልነካም፤ መቀነሱን ሲያቆም ብቻ ደረቀ ማለት ነውና። በዚሁ ደብተር በሌላው ገጽ፣ በተጎዳው እግሩ ብቻውን ስንት ሴኮንድ መቆም እንደ ቻለ ይጽፍ ነበር። ጠፍሮቹንም እግሩ ጠልቆ እንዳይገባ፣ ገብቶም እንዳይያዝ አድርጎ አስተካከላቸው።

በሚከተለው ግንቦት አንድ ማታ ወደ ወንዙ ተመለሰ። ውኃው ነጭ አረፋ ደፍቷል፤ ስልክ ባልነበረበት ዘመን የብሪታንያ ባሕር ኃይል መኰንን የነበረው ፍራንሲስ ቦፈርት በ1805 የነፋስን ደረጃ መለየት የጀመረው መርከብ ልትሸከም በምትችለው ሸራ መጠን ነበር። ሰውያችን ትንሹን ሸራ አሰረ። ጓደኞቹ ሣቁበት። ከጥቂት ጊዜ በኋላም ነፋሱ ወረደና፣ እነርሱ በትልልቅ ሸራ ሲያልፉ እርሱ ቀርፎ ቀረ። ጸሐይ ሳትጠልቅ ወጥቶ ሰሌዳውን በጣፋጭ ውኃ አጠበ፤ የተጠገነውን ስፍራ በእጁ ዳሰሰ፤ ደረቅ ነበር። በማግስቱ ቅዳሜ ልጁን በትከሻው ተሸክሞ መናፈሻ ወሰዳት።

ውድ አንባቢ፣ ምናልባት አንተ ሸራም ሰሌዳም አይተህ አታውቅ ይሆናል። ነገር ግን ፈተና ሲደርስ ያልገባህን ትምህርት ላይ ላዩን ደፍነህ ማለፍን፣ አለቃህ «አለቀ?» ሲልህ ያላለቀውን ሥራ «አልቋል» ማለትን ታውቅ ይሆናል። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። ነፋሱስ ቢያልፍም ተመልሶ ይመጣል። ሲመጣ ግን ሰሌዳህ ውስጡ ደርቆ፣ እግርህም ድኖ ቢያገኝህ ይሻላል።